በኮላ የታሸገው ጊታር

አንድ ሰው ነበረ፤ ጊታር ይሠራ ነበር።

የሚኖረው ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ነው። በዚያ አገር ጭጋግ ከውኃው ላይ ተነሥቶ በየደጁ ይገባል፤ ግባ የሚለው የለም፣ ውጣ የሚለውም የለም። ሰውየው ማለዳ ጸሎቱን አድርሶ ወደ ሥራ ቤቱ ይሄድና የዋንዛ ሳንቃዎቹን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውንም ያስጠጋል። አንዱን «አንተ ገና አልደረቅህም፣ ተኛ» ይለዋል። ሌላውን «አንተስ ደርሰሃል» ይለዋል። ቅርጽ ያወጣላቸውን ጊታሮች ከጣሪያው ማገር ላይ ያንጠለጥላቸዋል። ነፋስ ከሐይቁ ሲመጣ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ክሮቻቸው ያንጎራጉራሉ። መንገደኛ ቆሞ ያዳምጥና ሕልም ይሁን እውን ሳይለይለት መንገዱን ይቀጥላል።

ጥያቄህን የረሳሁ እንዳይመስልህ፣ መንበሩ። ምክር ልትጠይቀኝ መጥተህ «የሆዴን በሆዴ ይዤ ብኖር ኃጢአት ነው ወይ?» ነው ያልከኝ። ሚስትህም «ከግድግዳ ጋር መኖር ሰለቸኝ» ብላ ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት እንደገባች ነግረኸኛል። እሷን ማጣት እንደፈራህ ፊትህ ላይ ይታያል። መልሱ ከዚሁ ጊታር ውስጥ ስለሚወጣ ትንሽ ታገሠኝ።

ይህ ጊታር በኤሌክትሪክ የሚጮኸው ዓይነት ነው። እንደ ክራር ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን እንጨት ነው። ከክሮቹ ሥር ማግኔት ይቀመጣል፣ ከማግኔቱ ቀጫጭን ሽቦ ይወጣል። ሽቦዎቹ በጀርባው በኩል በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ይገናኛሉ። ድምፁ የሚያልፈው በዚያ ነው። ጉድጓዱ አቧራ እንዳይገባበት፣ የሰው እጅም እንዳይነካካው በላዩ ክዳን ይደረግለታል። ክዳኑ በየማዕዘኑ በብሎን ይታሰራል። ሲያስፈልግ ይፈታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይታሰራል። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሰውየው ታዲያ ክዳኑን ከሌላ እንጨት አይሠራውም። ከዚያው ከጊታሩ ሳንቃ ቆርጦ፣ የእንጨቱን መስመር ከመስመሩ ጋር አግጥሞ ይገጥመዋል። መስመሩ ከጀርባው ተነሥቶ፣ በክዳኑ ላይ አልፎ፣ እንደገና ወደ ጀርባው ይገባል፤ ወንዝ በድልድይ ሥር እንደሚያልፍ ሳይቋረጥ ይፈሳል። በእንጨት ሥራ በዚያ አገር አቻ አልነበረውም። ሽቦ ላይ ግን እጁ አይታዘዝለትም። ሽቦ የሚያያይዘውን ሊድ አቅልጦ ሲያጣብቅ አንዱ ጋ ይቆለላል፣ ሌላው ጋ ሳይዝ ያልፋል። ያስተማረው ሰው አልነበረም፣ እንዲሁ እያየ የለመደው ነው። ጊታሩ ይጮኻል፤ ውስጡን ያየ ሰው ግን ያዝናል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ እሳት ሊጭር መጣ። ጎረቤቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ አጥራቸው አንድ ነው። አንድ ጊታር ክዳኑ ተከፍቶ በጀርባው ተኝቶ አየ፣ ጎንበስ አለ።

«እንዴ!» አለ። «ፊቱ የሙሽራ፣ ጀርባው የቁራ ጎጆ! ይህን ማን ሠራው? ዶሮ ናት?»

በቤቱ ሰዎች ነበሩ፣ ሳቁ። ጊታር ሠሪውም አብሮ ሳቀ። ሬዲዮ ጠጋኙ ፍሙን በገል ይዞ እየሳቀ ሄደ፤ ቤቱ ሳይደርስም የተናገረውን ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ያ ሳቅ በጊታር ሠሪው ጆሮ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሳንቃውን መታ አድርጎ ሲያዳምጥ ከእንጨቱ ውስጥ የሚሰማው ሳቁ ሆነ።

እንዲህም ብሎ አሰበ፦ ብሎን ካለ የሚፈታ ሰው ይመጣል፤ የሚፈታ ካለ ደግሞ የሚያይ አይጠፋም። ስለዚህ ብሎኑን ተወው። ክዳኑን ዙሪያውን ኮላ ቀባ፣ ከቦታው ከተተው፣ ድንጋይ ጫነበት። ሲደርቅ በመላጊያ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቫርኒሽ አጠጣው። ጀርባው በማለዳ ነፋስ ያልነካው ሐይቅ መሰለ። ገጣጥሞ ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ከጆሮው ጠፋ፣ ደስም አለው።

ሰዎች እየመጡ ጀርባውን ይዳስሱ ነበር።

«ይኼ ከየት ነው የሚከፈተው?» ይሉታል።

ፈገግ ይላል።

«እንደ እንቁላል አደረግኸው እኮ! በር የሚባል የለውም።»

እንቁላል ውስጥ ያለ ነገር ቢታመም በምን እንደሚገባለት ግን የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የዚያ መንደር አጥማጆች ማታ መረባቸውን ይጥሉና ውኃው ላይ አድረው ማለዳ ይመለሳሉ። ማለዳ ደግሞ ጭጋጉ የሚከብድበት ሰዓት ነው። ከወደቡ አጠገብ ዓለት አለ፤ ወደቡን የሳተ ታንኳ ከዓለቱ ጋር ይላተማል። ባሏ የቀረው እንዲህ ነው። ከዳር ሆና ስትጠራው ነበር፣ እሱም እየመለሰላት ነበር። ነገር ግን የሰው ጩኸት ጭጋግ ውስጥ ይበተናል። ከዓለቱም ተመልሶ ይመጣል፣ ጠሪው ወዴት እንዳለ አይለይም።

ሴቲቱ ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር በጊታር ታጅብ ነበር። ሐዘኗ ጋብ ሲል ወደ ጊታር ሠሪው መጣች።

«ወንድሜ፣ ድምፁ የማይበተን ሥራልኝ» አለችው። «የወፍራሙ ክር ድምፅ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አንድ ቦታ የሚደርስ ይሁን።»

ሠራላት። ከሠራቸው ሁሉ የበለጠው እሱ ነበር። ሳንቃው በአባቱ ዘመን ከወደቀ ዋንዛ የተሰነጠቀ፣ ብዙ ዓመት ከጭስ በላይ የኖረ ነው። ለዚህማ ኮላውን አብዝቶ ቀባው፣ ጀርባውንም አብዝቶ አሸው።

ከዚያ ወዲህ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ሴቲቱ ከውኃው ዳር ትቀመጣለች። ከአጠገቧ ድምፅ ማጉያው አለ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር ታስሯል። ወፍራሙን ክር ቀስ አድርጋ ትመታዋለች፣ ድምፁ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትመታዋለች። ድምፁ እንደ ከብት እምቧታ ውኃውን ተጠግቶ ይሄዳል። ታንኳዎቹ ሳያዩ እሱን ይዘው ይመጣሉ። በመንደሩ ያሉ ሰዎች በተኙበት ይሰሙታል፤ ያልነቃ ሰው ሕልሙ ውስጥ ይገባል፣ በሕልሙም ወደ ቤቱ ሲመለስ ያያል። ከዚያ ወዲህ በዓለቱ የቀረ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን ይሉ ነበር፣ እሷንም ይመርቁ ነበር።

ክረምት ገባ። እርጥበቱ በረታ፣ ጨውም አልደርቅ አለ።

አንድ ማለዳ እንደ ልማዷ ክሩን መታችው። ጊታሩ ጮኸ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ዝም አለ። ደግማ መታችው። ዝም። ታንኳዎቹ ሁሉ ውኃው ላይ ነበሩ። የሬዲዮ ጠጋኙም ታናሽ ወንድም እዚያው ነበር።

ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ጊታር ሠሪው ሮጠች። የሰማ ሁሉ ተከተላት።

«ወንድሜ፣ ዝም አለብኝ!» አለች። «ባትሪውን ለወጥን፣ ኬብሉን ለወጥን። ከውስጡ ነው። ክፈተው።»

ሰውየው ጊታሩን ገልብጦ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ዳሰሰ። ክዳኑ የት እንደሚጀምር ጠፋው። የገዛ እጁ ሥራ የገዛ እጁን አታለለው።

«ከየት ነው የሚከፈተው?» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ።

ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እያደነቀ ጠይቆት ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሌላ ጥያቄ ሆነበት።

«አይከፈትም» አለ።

«እንዴት አይከፈትም?»

«በኮላ ነው የዘጋሁት።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ከላይ ያሉትስ?» አለ አንዱ ወደ ማገሩ እያየ። «አንዱን አውርድላት።»

«እነሱ ሽቦ አልገባባቸውም» አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ሳቅ ወዲህ የሽቦውን ሥራ እየፈራ ሲያቆየው ነበር።

በዚህ መሃል ከሐይቁ ላይ የሰው ድምፅ መጣ። «ኧረ ወዴት ናችሁ!» ይላል። ከግራ የመጣ መሰለ፣ ወዲያው ከቀኝ ተሰማ። ከዳር የቀሩት እየጮኹ መለሱ፤ ጩኸታቸውም እንዲሁ ተበተነ።

ሴቲቱ አልጮኸችም። «እንዲህ ነው የጠራኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ባሌም እንዲህ ነው ያለኝ።»

ሰውየው መሮውንና መዶሻውን አነሣ። አነሣና ቆመ። ቢመታ ከሠራቸው ሁሉ የበለጠው ጊታር ይሰነጠቃል፤ ይህ አንድ ነው። ቢመታ ያ የቁራ ጎጆ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ይልቁንም በዚያ ጎረቤቱ ፊት ይወጣል። የከበደው ይኼኛው ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ዓይናቸውን ያዝልኝ» ብሎ ሊጸልይ ጀመረና ሰው በውኃ ላይ እየጠፋ እንዲህ ብሎ መጸለዩ አሳፈረው። «ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝልኝ» አለ።

መታው።

ዋንዛው ሲሰነጠቅ እንደ ሰው ጮኸ። ስንጥሩ ዘለለ፣ ያ የሐይቅ መልክ ያለው ጀርባ ተገነጠለ፣ ጉድጓዱም ተከፈተ። የተቆለለው ሊድ፣ የተጠላለፈው ሽቦ፣ ሁሉም ወጣ። አንዲት ቀጭን ሽቦ ከቦታዋ ወልቃ ተንጠልጥላለች። ሊዱ ፈጽሞ አልያዛትም ነበር፤ እስከዚያ ቀን የቆየችው በምሕረት ነው።

ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። የሳቀ የለም። በዚያ ሰዓት ያቺ ሽቦ ለሁሉም የወንድም ሽቦ ነበረች።

«ይቺው ናት?» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ።

«ይቺው ናት።»

«ለዚች ነው ይህን ሁሉ የገነጠልከው? አምጣ፣ ከሰል አለህ?»

ሊድ የሚያቀልጥበትን ብረት ከቤቱ አስመጥቶ ፍሙ ውስጥ ከተተው። ብረቱ እስኪግል ድረስ ቆሙ። ከሐይቁ ላይ ያ ድምፅ እንደገና ጠራ፣ አሁን ራቅ ብሏል። ሬዲዮ ጠጋኙ ወንድሙ መሆኑን አውቆታል፤ ዓይኑን ግን ከብረቱ አላነሣም።

«ለምን አልጠራኸኝም፣ ጎረቤት?» አለ ፍሙን እያራገበ። «አጥራችን አንድ አይደል? የሽቦ ነገር የኔ እንጀራ መሆኑን አጥተኸው ነው?»

«ሳቅህብኝ።»

«እኔ? መቼ?»

«እሳት ልትጭር መጥተህ። የቁራ ጎጆ አልከው።»

ጠጋኙ አሰበ፣ አሰበ፣ አልመጣለትም።

«እሳት ልጭር ያልመጣሁበት ቀን መች አለ» አለ። «ይቅር በለኝ። አፌ እንዲህ ነው፣ ልማዱ ነው። እጄ ግን ክፉ አይደለም። በል ሽቦዋን ያዝልኝ።»

አንዱ ያዘ፣ አንዱ በየደ። ሥራው እፍ ብሎ ሻማ የማጥፋት ያህል ነበር። ሰዓቱን የበላው መክፈቱ ነው።

ሴቲቱ ጊታሩን ተቀበለች። ጀርባው እንደተገነጠለ፣ ስንጥሩ እየተንጠለጠለ፣ ይዛው ወደ ውኃው ወረደች። ወፍራሙን ክር መታችው።

ድምፁ ወጣ። ውኃውን ተጠግቶ ሄደ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባ፣ አልተበተነም። እንደገና መታችው። ቆይቶ ጭጋጉ አንድ ቦታ ላይ ጠቆረ፣ ከጥቁሩ የታንኳ አፍንጫ ወጣ። ከኋላው ሌላ ወጣ። ሰማይ ውስጥ የሚቀዝፉ ነበር የሚመስሉት፤ ከላይም ነጭ ነው፣ ከታችም ነጭ ነው። መጨረሻ የመጣው የሬዲዮ ጠጋኙ ወንድም ነው። ታንኳው በዓለቱ ጎን ተፍቋል። እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ወርዶ ታንኳውን እየጎተተ፣ በቁጣ፣

«ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት?» አለ።

ወንድሙ ከነልብሱ ውኃው ውስጥ ገብቶ አንገቱን አቀፈው።

ጊታሩን አልጣሉትም። ሰውየው ስንጥሩን ጠርጎ አዲስ ክዳን ሠራለት። የዚያ ዋንዛ ሳንቃ አልቆ ስለነበር ከወይራ ቆረጠው። ወይራው ጠቆር ያለ ነው፤ ማንም ከሩቅ አይቶ «የሚከፈተው በዚህ ነው» ይላል። ዙሪያውንም ቅጠል የምታልፍበት ያህል ክፍተት ተወለት፤ እንጨት በክረምት ያብጣልና። በየማዕዘኑ ብሎን አስገባ፣ ብሎኑን ዝገት እንዳይዘው በሻማ አሸው። ብሎን መፍቻውን ካቻቪቴ ደግሞ ከጊታሩ ማንገቻ ጋር በገመድ አሰረና ለሴቲቱ ሰጣት። የሽቦውን ሥራ ጎረቤቱ አስተማረው፤ እየሰደበው ነው ያስተማረው፣ ግን አስተማረው። ማገሩ ላይ ያሉትንም አንድ በአንድ አውርዶ እንዲሁ አደረጋቸው።

የድሮውን የሚያውቁ ሰዎች «ወይ ጉድ! ያን የመሰለ ጀርባ በብሎን ትበሳዋለህ?» ይሉታል።

«በክረምት ናና እነግርሃለሁ» ይላል።

ክዳኑ ግን ተከፍቶ አልኖረም፤ ይህን ልብ በልልኝ። በገበያ ቀን አላፊ አግዳሚው «እስቲ ውስጡን እንይ» እያለ እጁን ሲሰድ ሴቲቱ «እጅህን ሰብስብ! ወጥ ቤትህ መሰለህ?» ትለው ነበር። ክዳኑ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ይኖራል። ሲታመም ብቻ፣ ለሚያውቀው ብቻ፣ ይከፈታል።

እንግዲህ መንበሩ፣ ወዳንተ ልምጣ። «የሆዴን በሆዴ ይዤ ብኖር ኃጢአት ነው ወይ?» አልከኝ። መክደን ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ። እግዚአብሔርም ሰውን ሲሠራ ልቡን ከጎድን አጥንት ሥር ነው ያኖረለት፤ ገበያ ላይ አላሰጣውም። የውስጥህን ለሁሉ አትክፈት፣ እኔም ምን እንደሆነ አልጠየቅሁህም፣ አልጠይቅህምም። አንድ ሰው ድሮ ስቆብህ ይሆናል። ያ ሰው ዛሬ አንተንም ሳቁንም አያስታውስም፤ አንተ ግን እሱን ፈርተህ በሚስትህ ላይ ኮላ ቀባህ። ላይህ ያምራል። ሰው ሁሉ «መንበሩ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ አንድ ቀን ብሶት ሲያወራ አልሰማነውም» ይልሃል። እሱ እንቁላሉን ሲያደንቁ የነበሩት ሰዎች ንግግር ነው።

እንዲህ ተዘግቶ የኖረ ሰው ደግሞ አንድ ቀን መሮ ይመጣበታል። እሱ ራሱ ካልመታው ሌላ ይመታዋል፤ ያኔ ስንጥሩ ብዙ ነው። አንተ ገና እዚያ አልደረስህም። ዛሬ ሁሉንም ግንጥል አድርገህ አውጣ አላልኩህም። አንዷን ብሎን ፍታ። «ይቺ ጋ ያመኛል» በላት፤ ለዛሬ ይበቃል። የቀረውን እሷ ታውቅበታለች፤ ካቻቪቴውን የሰጠሃት የቃል ኪዳናችሁ ዕለት ነው፣ አንተ ነህ ብሎኑን የነፈግሃት።

ሚስትህ ጥላኝ ሄደች ትላለህ። እኔ እንዲያ አላየውም። እሷ ውኃው ላይ ናት፣ መንበሩ። «ወዴት ነህ?» እያለች ስትጣራ ኖራለች፤ ድምፅ ስታጣ የእናቷ ድምፅ ወደተሰማበት ዳር ቀዘፈች። ስትደርስ «ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» ትልህ ይሆናል፣ በቁጣም ይሆናል። አትቀየማት፤ ከጭጋግ የወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እሱን ነው።

በል ተነሥ። እኔ ከዚህ እጸልያለሁ፤ አንተ ሂድና ከደጅ ሆነህ ጥራት።